ቁልፍ ያዡ አይፈርምም

ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በሦስት

ይህ ደብተር የተማሪ ስም መጥሪያ ነበር። የመጨረሻዎቹ ገጾች ባዶ ስለቀሩ ጡረታ ስወጣ ሰርቄው፣ ይቅርታ፣ ይዤው ወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማረች ሴት ከትምህርት ቤት የወሰደችው ንብረት ይኸው ብቻ ነው። ማስታወሻ የመያዝ ልማድ የለኝም። ዛሬ ግን ያየሁትን ሳልጽፈው መተኛት አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ደረጃችን ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በውሃ ተደባደቡ። ድርቁ ከጠና ወዲህ ውሃ የሚመጣልን ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ይሞላል፤ አምስታችን ቤቶች እስከሚቀጥለው ተራ ከሱ እንጠጣለን፣ እናጥባለን። ሕንፃችን ቀጭን ነው፤ በየፎቁ አንድ ቤት። ትናንት ዓርብ ቀትር ላይ ታንከሩ ሞልቷል፤ ሲሞላ ስለሚጮህ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ሲነጋ ጠብታ የለም።

ሾፌሩ ከአራተኛ ፎቅ እየተንደረደረ ወረደና አንደኛ ፎቅ ያለውን ልብስ ሰፊ "መሳቢያ ሞተር ደብቀሃል!" አለው። ልብስ ሰፊው "አንተ ነህ መኪናህን ስታጥብ ያደርክ!" አለ። አንዱ ገፋ፣ አንዱ ያዘ። ልብስ ሰፊው ስድስት ደረጃ ተንከባሎ ወደቀ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ከሰው ሁሉ መርጦ ልብስ ሰፊ፣ ከእጅም ቀኙ!

እነዚህ ሰዎች ባለፈው ወር ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ተማሪዎቼን በየዓመቱ "ከበላዩ የሚፈራው ሥልጣን ከሌለ ሰው ምን ይሆናል?" እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። መልሱን ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ለሰው ሞት አነሰው ይሉ የለ።

ትናንት እኔ አልነበርኩም። ቀኑን ሙሉ ጡረታ ቢሮ ተሰልፌ ዋልኩ። ስመለስ የመታጠቢያ ቤቴ ወለል እርጥብ ነበርና ወለወልኩት። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።


እሑድ

እህቴ መጣች። ታናሼ ናት፤ ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም ሌላ ከተማ ካገባች ወዲህ ሁለታችን ነን። ቁጭ ሳትል "እትዬ፣ ዓርብ ዕለት ቤት ነበርሽ?" አለችኝ።

"ጡረታ ቢሮ ነበርኩ አላልኩሽም?"

"ስትወጪ ቧንቧውን አይተሻል?"

"ምን ታደርቂኛለሽ! ውሃ ሲጠፋ መጣ አልመጣ እያለ ቧንቧ የማይከፍት ማን አለ?"

"ሰው ነው፤ ይረሳል" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ስትወጣ ወደ መታጠቢያ ቤቴ ገብታ ቧንቧዬን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ዕቃ መነካካት ልማዷ ነው።


ማክሰኞ

ውሃ መጣ። አምስት ቤት ታንከር ሥር ቆሞ ዋለ። ሥራ የሄደ የለም። ሾፌሩ በእጁ ዱላ ይዟል፤ "ለድመት ነው" ይላል።

ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም። ነገ ስብሰባ እንዲጠራ አድርጌያለሁ።


ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ሆነ። ተዋዋልን።

ነገሩን ላስቀምጠው። ከታንከሩ የሚወርደው ውሃ ለየቤቱ የሚከፈለው ወደ ጣሪያው በሚያወጣው ደረጃ ላይ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ለያንዳንዱ ቤት አንዳንድ መዝጊያ አለ። እስከዛሬ ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ ማንም ይደርስበታል። እኔ ያልኩት አጭር ነው፦ ሁላችንም እጃችንን ከሳጥኑ እናንሳ፣ ጓጉንቸር ይግባበት፣ ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ይሁን፣ የሱም ቃል የመጨረሻ ይሁን። አምስት ሰው ሲያዝ ማንም አላዘዘም ማለት ነው።

"ማን ይያዘው?" ሲባል ሁሉም ወደ ፊሽካ ዞረ። ፊሽካ ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ነው። አርባ ዓመት በአውቶቡስ ተራ ስምሪት ላይ ሠርቷል፤ ፊሽካው ዛሬም አንገቱ ላይ ነው። ሾፌሩ ሳይቀር "እሱ ከሆነ እሺ። በዚህ ሰውዬ ፊሽካ ነው የሸበትኩት፤ አንድ ቀን ግን ተራዬን ለሌላ አልሰጠብኝም" አለ።

ውሉን እኔ ጻፍኩት፤ ጮክ ብዬም አነበብኩት። አንደኛ፣ ሁላችንም መዝጊያዎቹን የመንካት መብታችንን ትተናል። ሁለተኛ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቁልፍ ያዡ የጠየቀውን መመለስ ግዴታ ነው። አራተኛ፣ ጥፋተኛ ነው ያለውን ቤት እስከፈለገው ጊዜ ይዘጋል። አምስተኛ፣ ለተዘጋበት ቤት ውሃ የሰጠ እሱም ይዘጋበታል። አምስተኛውን የጨመርኩት በራሴ ነው፤ የጠየቀኝ የለም። ያለሱ አራተኛው ባዶ ዛቻ ይሆናል።

እህቴ እጇን አወጣች፤ እንደ ተማሪ። "ቁልፉን መልስ ማለት ስንፈልግስ?"

"እሱን ከጻፍን ውል አይሆንም፣ ወሬ ነው የሚሆነው" አልኳት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በክፍል ውስጥ እንደምስቀው ነበር የሳቅሁት።

"አንቺ ካልሽ" ብላ ፈረመች።

ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ፈረመ። ሾፌሩ ፈረመ። እኔ ፈረምኩ። ከዚያ ፊሽካ ብዕሩን አነሳ። አስቆምኩት። "እርስዎ አይፈርሙም" አልኩት።

ደነገጠ። "ለምን? እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን አስረዳሁት። ውሉ የእኛ የእርስ በርስ ውል ነው። ሥልጣን የሚሰጠው ሰው ከተዋዋዮቹ አንዱ ከሆነ እያንዳንዱ ተነስቶ "ውል አፈረስክ" ይለዋል፤ ያን ጊዜ በእሱና በእኛ መካከል ማን ይዳኛል? ሌላ ዳኛ፤ ለዚያኛውም ሌላ። ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ቁልፍ ያዡ ከውሉ በላይ ይቆማል እንጂ አይፈርምም።

ፊሽካ ብዕሩን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አስቀመጠው። "እርስዎ የተማሩ ነዎት" አለኝ።

እንዲህ በደንብ ያስረዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።


ዓርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ። ውሃዬ መጣ። እስከ ሁለት ሰዓት የእኔ ተራ ነው፤ ከዚያ የሾፌሩ፣ የእህቴ፣ የልብስ ሰፊው፣ በመጨረሻ የፊሽካ የራሳቸው። "ውሉን የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ መጀመሪያ ተራ ሰጠሁዎ" አሉኝ። አይገባም ማለት ነበረብኝ። አመሰግናለሁ አልኩ።

አሁን ልብ አልኩ፤ እስከ ረቡዕ ድረስ "አለ" እያልኩ ስጽፍ የነበርኩትን ሰውዬ ዛሬ "አሉ" ብያቸዋለሁ። ቁልፍ ያስከብራል።


ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት

ሰላም ነው። እውነተኛ ሰላም። ሾፌሩ ለልብስ ሰፊው ዳቦ ገዝቶ በሩ ላይ አንጠለጠለለት። ማክሰኞ የመጣው ውሃ ዛሬም አለ፤ ለሐሙስም ይተርፋል። ዱላው የት እንደገባ አላውቅም።

ትናንት ሾፌሩ በተራው ሰዓት የመኪናውን ምንጣፍ አጥቦ ተገኘና ሦስት ቀን ተዘጋበት። አጉረመረመ እንጂ እንቢ አላለም። ልብስ ሰፊው በጄሶ የታሰረ እጁን ወደ ላይ እያሳየ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!" ሲል ደረጃው በሳቅ ተሞላ። ፊሽካ ራሳቸው ሳቁ።

እኔ ቤት ገብቼ ብቻዬን ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ነገርኩ እንጂ ሠርቼ አላየሁም ነበር።

ቧንቧዬ ደህና ነው። ስወጣ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።


ሰኞ

እህቴ ዘንድ ወረድኩ። መታጠቢያ ቤቷን ልጠቀም ስል "የኔው ተዘበራርቋል፣ ላይ ውጪ" ብላ በሩ ላይ ቆመች። ተዘበራርቆ የማያውቅ ቤት። ቅር አለኝ።

አንሶላ እያጠፍን ተጨዋወትን። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ክፉ ነው ብለሽ አስተማርሽ?" አለችኝ።

"ክፉ ነው አላልኩም። ይፈራል ነው ያልኩት። የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይመታል።"

"እኔ የማየው ሌላ ነው። የሰው አንሶላ የሚያጥብ ሰው ብዙ ነገር ያያል፣ እትዬ። ሰው ይረሳል፣ ይበላሽበታል፤ ከዚያ ያፍራል። ካፈረ በኋላ ነው ክፉ የሚሆነው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል።"

"ይህ ፍልስፍና አይደለም" አልኳት።

"አይደለማ፤ አንሶላ ነው" አለችና ጫፉን ከእጄ ወሰደችው።

ይህ የሚያስቀኝ ነገር ነበር። አልሳቅሁም።


ሐሙስ

ፊሽካ ጠሩኝ። ልብስ ሰፊው ጄሶው ሲፈታ ጣቶቹ አልታጠፉም። መርፌ አይይዝም። "ውሃ ሰርቆ ለዚህ ያበቃኝ ሰው እዚሁ አብሮኝ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል" ብሎ አልቅሷል።

"ያ ሌባ ሳይታወቅ ይህን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?" አሉኝ ፊሽካ። ልክ ናቸው።

"ሌባ ላይሆን ይችላል" አልኩ።

"ምን ሊሆን?"

"እንጃ። ቱቦ ሊያፈስም ይችላል።"

"ቱቦውን እኔው በየቤቱ ገብቼ አይቻለሁ። ደህና ነው።"

ከዚያ ወጣሁ። ሌላ ምንም አላልኩም።


ዓርብ

በችኮላ። ፊሽካ እህቴን ደረጃ ላይ አቆሟት። ያን ዓርብ ገመዷ ላይ ብዙ ልብስ ተሰጥቶ ነበር ብሎ የነገራቸው ሾፌሩ ነው። እሷ "ጎህ ሲቀድ ከታችኛው ሰፈር ቦኖ በጀሪካን ያመጣሁት ነው" አለች። እውነት ነው፤ ስታመጣ አይቻለሁ።

ይህንንም አልኩ፤ ስታመጣ አይቻለሁ አልኩ። ይመዝገብልኝ።


ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ

ያ ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም። ሙሉውን ልጻፈው።

ፊሽካ አመኗት። ክፉ ሰው አይደሉም። "እሺ፣ አንቺ አይደለሽም። ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርሽ። ውሃው በማን ቤት እንደፈሰሰ ታውቂያለሽ?" አሏት።

እህቴ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አላውቅም ብዬ አልዋሽም" አለች። "ግን አልናገርም።"

ደረጃው ላይ ሁላችንም ነበርን። እኔ ድንች የያዘ ዘንቢል ይዤ በሷና በቤቴ መካከል ቆሜያለሁ። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ቁልፍ ያዡ ሲጠይቅ..." አሉና ፊሽካ ወደኔ ዞሩ። "መምህርት፣ ውሉ ምን ይላል?"

"መመለስ ግዴታ ነው ይላል" አልኩ።

በራሴ አፍ፣ በራሴ ድምፅ፣ ቁጥሩን ጠቅሼ። ሦስተኛ አንቀጽ።

"እንግዲያው እስክትናገር ይዘጋል" አሉ። ሳጥኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ እስከ ታች ይሰማል።

ማንን እየሸፈነች እንደሆነ


ቅዳሜ

ትናንት ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር አልጨረስኩትም። ዛሬም አልጨርሰውም።


ማክሰኞ

ውሃ መጣ። እህቴ ዘንድ አልመጣም። ለአጣቢ ውሃ መዝጋት ማለት ለልብስ ሰፊ እጅ መስበር ማለት ነው። አሁን ሁለት ሆኑ።

በተራዬ ሰዓት ሁለት ጀሪካን ሞልቼ አወረድኩላት። ትናንትናም አውርጄ ነበር። "ተዪ፣ እትዬ፣ ያዩሻል" አለችኝ። "ይዩኝ" አልኩ። ጀግና መስዬ።


ረቡዕ

አዩኝ። ፊሽካ አልተቆጡም። ደረጃው ላይ ቆመው በትሕትና "መምህርት፣ አምስተኛውን አንቀጽ ያስታውሱኛል?" አሉኝ።

በቃሌ አልኩላቸው። አንድ ቃል አልዘለልኩም። ጀሪካኖቹን መልሼ ወደ ላይ ይዤ ወጣሁ። ከባድ ነበሩ።


ሐሙስ

አልወረድኩም።


ዓርብ

አልወረድኩም።


እሑድ

ምክንያቶቼን ልደርድር። ብናገር ውሉ የቆመበት ነገር ይናጋል። ውሉ ቢፈርስ ያ ደረጃ፣ ያ ዱላ ይመለሳል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ችግር ለአምስት ቤት ሰላም ሲባል

ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ ከአሥር ሦስት ነበር የምሰጠው። ሦስቱም ለእጅ ጽሑፉ።


ሰኞ

ቧንቧው ክፍት ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። ሐሙስ ውሃ ሲጠፋ ከፈትኩት፣ ደርቆ ነበር፣ ረሳሁት። ዓርብ በማለዳ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው ያገኘሁት። የመታጠቢያ ጨርቄ የገንዳውን ቀዳዳ ደፍኖት፣ ገንዳው ሞልቶ፣ ወለሉ ባሕር ሆኖ። ወለወልኩ። ጨመቅሁ። ቧንቧውን ዘጋሁ። "ነገ እናገራለሁ" ብዬ ተኛሁ። ነገ ሲሆን የሰው እጅ ተሰበረ።

ያኔ ፈራሁ ብል ውሸት ነው። አፈርኩ። እኔ! ለአንድ ትውልድ ሙሉ ስለ ኃላፊነት ያስተማርኩት! ከዚያ ስለ ሰው ክፋት ንግግር አደረግሁ። ንግግሩ ሲያምር ደግሞ አመንኩት።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።


ረቡዕ

እህቴ ልትሄድ ነው። ልጇ ዘንድ። ደንበኞቿ ቀርተዋል፤ ቦኖው ሩቅ ነው፣ ጉልበቷ አብጧል። ደረጃ ላይ ነገረችኝ፤ ጀሪካን ተሸክማ ነበር፤ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ "ተዪው፣ እትዬ፣ አምስተኛ አንቀጽ" ብላ ፈገግ አለች። በክፋት አልነበረም። ቀልዳ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


ቅዳሜ

ፊሽካ ዘንድ ሄድኩ። ፊሽካውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቧንቧውን፣ ጨርቁን፣ ወለሉን። ቆሜ ነው የተናገርኩት።

ፊሽካውን አንገታቸው ላይ መለሱ። "ለማን ተናገሩ?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ብቻ።"

"እንግዲያው እኔው ዘንድ ይቅር።"

"እህቴስ? ይከፈትላት እንጂ።"

"እህትዎ የተዘጋባት ስለ ውሃው አይደለም። ጠይቄያት ስላልመለሰች ነው። ዛሬ ብከፍትላት ነገ ማን ይመልስልኛል? ደግሞ ሌባ አልነበረም ብዬ ብወጣ፣ ታዲያ ይህ ቁልፍ ለምን ተሰጠህ አይሉኝም?"

"ፍርዱ ግን ስህተት ነው።"

"ይሆናል። ስህተት ነው ብሎ የሚፈርድብኝ ማነው? ያኔ የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት፣ በእኔና በእናንተ መካከል ማን ይዳኛል ብለው። መልሱን እስካሁን ሳስበው ነበር። ማንም።" ሲሉ ፊታቸው ላይ ድል አልነበረም፤ ድካም ነበር። በር ላይ ስደርስ "ያን ቀን ብዕሩን ይዤ ነበር" አሉኝ። "ልፈርም።"

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ወደ ልብስ ሰፊው በር ሄድኩ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።


ማክሰኞ

ሄደች። ሁለት ሻንጣና አንድ ሳፋ። ሾፌሩ በመኪናው እስከ መናኸሪያ ወሰዳት፤ ዕቃዋን ሲጭን አንገቱን አላቀናም። ልነግራት አፌን ስከፍት "ደርሼ እደውላለሁ" ብላ ሳመችኝ። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳታጥብ እንኳ።

የቤቷን ቁልፍ ትታልኝ ነው የሄደችው። ለባለቤቱ ከማስረከቤ በፊት ልጥረግላት ብዬ ወረድኩ። የሚጠረግ ነገር የለም። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባሁ፤ ወር ሙሉ ያላስገባችኝ ወደዚያ።

ኮርኒሱ ላይ ነጭ አንሶላ በአራት ሚስማር ተመትቷል። እንዲህ ያለ ነገር ለምን? ወንበር ላይ ወጥቼ አንዱን ጫፍ ሳብኩት፤ ተዘረገፈ።

ከላዬ ቢጫ እድፍ ነበር። ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፤ መሐሉ ላይ ቀለሙ ተልጦ ሲሚንቶው ይታያል። ልክ ከገንዳዬ ሥር።

ያን ዓርብ ቤት ነበረች። ውሃዬ በራሷ ላይ ነው የፈሰሰው። ላይ ወጥታ አንኳኩታ ይሆናል፤ እኔ የለሁም፤ ከመዝጊያዎቹም የኔው የትኛው እንደሆነ አታውቅ። እሑድ መጥታ "ቤት ነበርሽ?" ያለችኝ ልታውቅ አልነበረም፤ እንድናገር በር ልትከፍትልኝ ነበር። በሩን ስዘጋው አንሶላ ሰቀለች። ፊሽካ ቱቦውን ሊፈትሹ ገብተው "ላይ አንሶላ ወጥራለች፤ ልብስ የምታሰጣበት መሰለኝ" ብለውኝ ነበር፤ ያኔ ሰምቼ አልገባኝም።

አንሶላውን ስትሰቅል ማንም አላዘዛትም። ውል የላት፣ አንቀጽ የላት፣ የምትፈራው ቁልፍ የላት። እኔ ሰውን የሚገታው ፍርሃት ብቻ ነው እያልኩ ሳስተምር፣ ከእግሬ ሥር ትኖር ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መቼ እንዲህ እንዳለቀስኩ አላስታውስም።


ረቡዕ

ሁሉንም ጠራሁ። በእህቴ ባዶ ቤት ውስጥ፣ እድፉ ሥር አቆምኳቸው። ነገርኳቸው። ሳላሳምር ነገርኳቸው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወር ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ሁለት ደቂቃ።

ልብስ ሰፊው ብዙ ጊዜ ወደ ላይ አየ። "ታዲያ ማንም አልሰረቀም?" አለኝ።

"ማንም።"

"ማንም..." ብሎ ደገመው። ሾፌሩ አልታጠፍ ያሉትን የልብስ ሰፊውን ጣቶች ተመለከተና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሊሰድቡኝ ይገባ ነበር። አልሰደቡኝም። ልብስ ሰፊው ብቻ በበሩ ሲወጣ "መምህርት፣ እኔ እኮ ቡጢ የጨበጥኩት እሱ ሌባ ነው ብዬ ነው። ያን ጠዋት አንድ ቃል ብትናገሪ" አለና ተወው። ከዛሬ በፊት አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

ፊሽካ የቁልፉን ገመድ ከአንገቱ አወጣ። ለማን እንደሚሰጠው አላወቀም። ዞር ዞር ብሎ አየና እህቴ ትታው በሄደችው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

ማንም አላነሳውም። ያለ ቁልፍ አንሆንም፤ ይህንን ማንም አልካደም፤ ያ ዱላ ገና አልተረሳም። ውሉን አወጣሁና አምስተኛውን ሰረዝኩ። በሱ ፈንታ ሾፌሩ በመጥፎ እጅ ጽሑፉ "ቁልፍ ያዡም ይጠየቃል፤ አልሆን ካለ ቁልፉን ይመልሳል" ብሎ ጻፈ። ያኔ እህቴ ጠይቃ የሳቅሁበት።

"የት ጋ ልፈርም?" አለ ፊሽካ።

ከእህቴ ፊርማ ሥር ባዶ ቦታ ነበር።


እሑድ

አሁን ተራዬ የመጨረሻው ነው፤ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ውሃው ይቀጥናል። ልብስ ሰፊው ሰላምታ ይሰጠኛል፤ አንገቱን ብቻ።

እህቴ ደወለች። ሥራ አግኝታለች፤ ልጇ ቤት አጠገብ። ትመለሻለሽ ወይ አላልኳትም፤ መልሱን ከድምፅዋ አውቄዋለሁ። ስለ ኮርኒሱ ነገርኳት። ስለ አንሶላው። "ለምን አልነገርሽኝም?" ልላት ነበር፤ አፈርኩና ተውኩት። "ይቅርታ አድርጊልኝ" ብቻ አልኳት። የልጅ ልጇ ከወዲያ ስትጮህ ይሰማኛል።

ልጅቷን አባብላ ተመለሰች።

"እትዬ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ቧንቧሽን ዘግተሻል?"

ስልኩን ሳልዘጋ ተነስቼ አየሁት።